በስልክ የመጡት ሽማግሌ

«ሽማግሌው ስንት ፐርሰንት ናቸው?» አሉ ጋሽ ንጉሡ ከፊት ወንበር፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ።

«ሰባ ስምንት» አለች ሩሃማ።

«ከቤት ስንወጣ ዘጠና አልነበሩም እንዴ?»

«ስክሪኑ ትልቅ ስለሆነ ባትሪ ይበላል። አሁን አጥፍቼዋለሁ።»

«ሽማግሌውን?»

«ስክሪኑን፣ ጋሽ ንጉሡ።»

መሪውን የያዙት ጋሽ ዓብዩ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መኪናዋ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዛ ወደ አሌክሳንድሪያ ትገሰግሳለች። ሁለቱ አዛውንቶች ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው ከፊት ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ ለገሰ ግን ጀርመንታውን ከተማ፣ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ናቸው። ወደ ሴቷ ቤት የሚገቡት ሩሃማ ጭን ላይ በተኛው ስልክ ውስጥ ሆነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩሃማ ታላቅ ወንድም ነህምያ ዕድላዊት የምትባል የአሌክሳንድሪያ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው፤ ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። «አሜሪካ አገር ደግሞ የምን ሽማግሌ ነው?» የሚል ካለ፣ የዕድላዊትን አባት አቶ ወልደአምላክን አያውቃቸውም ማለት ነው። ከወር በፊት ጋሽ ንጉሡና ጋሽ ዓብዩ ሄደው ነበር። አቶ ወልደአምላክ በወጉ ተቀበሏቸው፣ በወጉ «እናስብበት» አሉ፣ በወጉ ሸኟቸው። የመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ ይሄ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ቀን ግን ቁርጡ የሚታወቅበት ቀን ነው።

ለዚህ ቀን የተጠሩት ጋሽ ለገሰ ነበሩ። አቶ ወልደአምላክ ወደዚህ አገር ሲመጡ ኤርፖርት የተቀበሏቸው፣ መኪና መንዳት ያስተማሯቸው፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን ያስገኙላቸው እሳቸው ናቸው። አቶ ወልደአምላክ ለማንም እምቢ ቢሉ ለጋሽ ለገሰ እምቢ የሚሉበት አፍ የላቸውም ተብሎ ታመነ።

ታዲያ ምን ይሆናል፣ ማክሰኞ ዕለት ሆስፒታሉ ድንገት ደውሎ «ቦታ ተገኝቷል» አላቸውና ጋሽ ለገሰ ሲጠብቁት የቆዩትን የጉልበት ኦፕራሲዮን ሆኑ። ቀጠሮው ደግሞ ለቅዳሜ ነው። የሽማግሌ ቀጠሮ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አይደለም፤ ደውለው አይለውጡትም። ሲመከር፣ ሲዘከር፣ «በቪዲዮ ይግቡ» ተባለ። መጀመሪያ በሩሃማ እናት በውባንቺ ስልክ ተሞከረ። ውባንቺ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አቆመችና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው።

«በዚህ ላይማ ሽማግሌ ሳይሆን ቴምብር ነው የሚመስሉት» አለች።

የሁሉም ዓይን ወደ ሩሃማ ስልክ ዞረ።

ስልኩን ነህምያ ለአሥራ አራተኛ ዓመት ልደቷ የገዛላት ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ስሙ «ትሪው» ነው። ጥሩ ጎኑን ማንም አይክድም። የጂኦሜትሪ የቤት ሥራዋን ሳታጎላ ታነብበታለች፣ ከጓደኞቿ ጋር አራት ሆነው ፊልም ያዩበታል፣ ፎቶ ስታነሳበት ደግሞ የሰው ቅንድብ ይቆጠራል። መጥፎ ጎኑ ግን የትኛውም ኪስ አይችለውም። አንድ እጅ አይበቃውም። አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ተንጋላ ስታነብ ከእጇ አምልጦ አፍንጫዋ ላይ ወደቀና ሁለት ቀን አፍንጫዋን አሳብጣ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅም። ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ የጓደኛዋን ረጅም ቴክስት ስታነብ፣ አጠገቧ የተቀመጡ የማታውቃቸው ሴትዮ «እስቲ ቆየት በይ የኔ ልጅ፣ ታችኛውን አልጨረስኩትም» ብለዋታል።

«ስልኬ ያለ እኔ የትም አይሄድም» አለች ሩሃማ ያን ዕለት፣ ሁሉም ሲያፈጥባት።

እናቷ ደነገጠች። ከሽማግሌዎች ጋር ሴት ልጅ፣ ያውም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ማን ሲልክ አይቶ ያውቃል? ጋሽ ንጉሡም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የገላገላት ነህምያ ነው። «እማ፣ እንደ ሽማግሌ አይደለም እኮ የምትሄደው» አለ። «እንደ ስልክ ማቆሚያ ነው።»

ስለዚህ ሩሃማ ማቆሚያ ሆና እየሄደች ነው። ዛሬ ከቤት ሲወጡ ነህምያ መኪናው ድረስ ተከትሏት መጥቶ፣ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «ሩሂ፣ አደራ» ብሏታል። ሌላ ጊዜ እንደዚህ ሲለምን ብታየው ለሳምንት ታሾፍበት ነበር። ዛሬ አላሾፈችበትም። አቶ ወልደአምላክ ዛሬም ከገፉት ዕድላዊት ትምህርቷን እስክትጨርስ ሁለት ዓመት መጠበቅ ሊሆን ነው፤ ነህምያ ደግሞ ካሁኑ ከስቷል።

ይህ አንዱ ነው። ሌላም አለ፤ ሌላውን ለማንም አልተናገረችም። አባቷ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ዛሬ ኦሃዮ፣ ነገ ቴክሳስ፣ ቤት የሚገኘው በወር ጥቂት ቀን ነው። እናቷ በጠዋት ሥራ ትገባለች። ጠዋት ጠዋት ሩሃማን ቀስቅሶ፣ በሬድዮው ጣቢያ እየተጨቃጨቀ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ነህምያ ነው። ካገባ አሌክሳንድሪያ ሊገባ ነው፤ ለአርሊንግተኑ ሥራው ይቀርበዋል። ይህን ስታስብ ሆዷ ይባባል። በዚህ ማዘኗ ደግሞ ያሳፍራታል፤ ወንድሟ ደስ እንዲለው ትፈልጋለች፣ እንዲሄድ ግን አትፈልግም። ሁለቱም እውነት ነው።

የአቶ ወልደአምላክ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ሩሃማ ለጋሽ ለገሰ ደወለችላቸው። ፊታቸው ብቅ አለ፤ ነጭ ሸሚዝ ከነከረባት፣ ከታች ደግሞ ብርድ ልብስ።

«ብርድ ልብሱ ይታያል፣ ጋሼ» አለች ሩሃማ ዝግ ብላ።

«ከፍ አድርጊኝ እንግዲህ» አሉ።

«ከፍ ማድረግ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ስልክዎን።»

ከፍ አሉ። በሩ ተከፈተ። አቶ ወልደአምላክ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራም ሰው ናቸው። ጋሽ ንጉሡንና ጋሽ ዓብዩን ሰላም ብለው ሲያበቁ ሩሃማ ደረቷ ላይ አቅፋ የያዘችውን ስልክ አዩ። ያን ትልቅ ፊት ሲያዩ ወዲያው ጎንበስ አሉ፤ ቀኝ እጃቸውም ለመጨበጥ ተዘርግቶ መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ኧረ በሞትኩት። ከነሕመምዎ?»

«ምን ላድርግ ወልዴ፣ እግሬ እምቢ ቢል ፊቴን ላኩት» አሉ ጋሽ ለገሰ።

ሳሎን ሲገቡ ሌላ ጣጣ መጣ። ሽማግሌ የት ይቀመጣል? የቡና ጠረጴዛው ላይ እንዳይደረጉ ከሰው ጉልበት በታች ሊሆኑ ነው፤ ነውር ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ እንዳይቆሙ እቃ ሊመስሉ ነው። አቶ ወልደአምላክ የራሳቸውን ሶፋ ለቀቁና «እዚህ፣ እዚህ» አሉ። ሩሃማ የሶፋውን ትራስ አቆመች፣ ስልኩን አስደገፈችው፣ ተንሸራተተ። እንደገና አስደገፈችው፣ ጋሽ ለገሰ በግንባራቸው ተደፉ። በመጨረሻ ከሶፋው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኩን በአንድ እጇ ደግፋ ያዘችው። ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ ገና ካሁኑ ክንዷን ይሰማታል።

ጋሽ ንጉሡና ጋሽ ዓብዩ ከሶፋው ጀርባ ቆሙ። «ተቀመጡ እንጂ» ቢባሉም አልተቀመጡም። የመጡበት ጉዳይ ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም።

«እኔ እንኳ ተኝቼ ነው የመጣሁት፣ ይቅር በለኝ» አሉ ጋሽ ለገሰ ከስልኩ። አቶ ወልደአምላክ ፈገግ አሉ። ሩሃማ ልቧ ትንሽ ረጋ አለ፤ ሰውዬው ፈገግታ ያውቃሉ ማለት ነው።

ያኔ ነው ስልኩ «ጢንግ» ያለው። ከጋሽ ለገሰ ግንባር ላይ፣ ከቅንድባቸው ከፍ ብሎ፣ ወፍራም ፊደል ተዘረጋ። በትንሽ ስልክ ቢሆን ማንም አያየውም ነበር። አቶ ወልደአምላክ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ፊት ለፊት ከተቀመጡበት አነበቡት።

«‹ሩሂ ገባችሁ? ተቀመጡ? የአባቷ ፊት እንዴት ነው?›»

ከኩሽና በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ዕድላዊት እዚያ ነበረች። ሩሃማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ፊቴ ደህና ነው በይው» አሉ አቶ ወልደአምላክ።

ሩሃማ ፈጥና ሌላ መልእክት እንዳይታይ ዘጋች። ጋሽ ንጉሡ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። ስለ ነህምያ ተናገሩ፤ ታታሪነቱን፣ ለእናቱ ያለውን አሳቢነት፣ አባቱ መንገድ ላይ ሲሆን ቤቱን እንዴት እንደሚይዝ። «ይህን ልጅ ልጅዎ ያድርጉት፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» ብለው ጨረሱ። ሩሃማ ስለ ወንድሟ እንዲህ ሲነገር ሰምታ አታውቅም። እውነት ነው፣ አለች በሆዷ፤ የሬድዮ ምርጫው ነው እንጂ ሌላ እንከን የለበትም።

አቶ ወልደአምላክ ወደ ሁለቱ ቀና አሉ።

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «እናንተንም አከብራለሁ። ግን ልጄ የፋርማሲ ትምህርቷን ልትጨርስ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ትምህርቷን ትጨርስና ያን ጊዜ እንነጋገር።»

ኩሽና ውስጥ አንድ ክዳን ወለል ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ዕድላዊት አግብታም እንደምትማር ለአባቷ መቶ ጊዜ ነግራቸዋለች፤ ይህን ሩሃማም ታውቃለች። ጋሽ ንጉሡ በረጅሙ ተነፈሱ። አሁን ተራው የጋሽ ለገሰ ነው።

ጋሽ ለገሰ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አስጠጉት። ስክሪኑ በሙሉ ፊት ሆነ፤ ሽበታሙ ቅንድብ፣ የግንባሩ መስመር፣ ሁሉም። «ወልዴ» አሉ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፤ አቶ ወልደአምላክ አንገታቸውን ደፉ። «አንተን ያወቅኩህ ትናንት አይደለም። እስቲ…»

ከዚያ ዝም አሉ።

አቶ ወልደአምላክ አንገታቸውን እንደደፉ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠበቁ። ጋሽ ለገሰ አንድ ቅንድባቸውን ከፍ፣ ጣታቸውንም ቀና አድርገው ትክ ብለው ያዩአቸዋል። ከሶፋው ጀርባ የቆሙት ሁለቱ እጃቸውን አጣምረው ዝም አሉ። አንድ ደቂቃ ሆነ። ታላቅ ሰው እያሰበ ነው፤ ማን ደፍሮ ያቋርጠዋል?

ሩሃማ ግን ከጎን ሆና ስክሪኑን አየች። ከጋሽ ለገሰ አገጭ በታች ትንሽ ክብ ነገር ይሽከረከራል፤ አጠገቡ ቀጭን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ እንደገና እየተገናኘ ነው ይላል። ኔትወርኩ ሄዷል። ጋሽ ለገሰ እያሰቡ አይደለም፤ ምስላቸው ደርቋል። ፍሪዝ አድርገዋል።

ይመለሳል፣ አለች በሆዷ። አሁን ይመለሳል። አልተመለሰም።

«በጣም አዝነዋል» አሉ ጋሽ ዓብዩ በሹክሹክታ።

«ዝም አይነቅዝም» አሉ ጋሽ ንጉሡ መልሰው። ከቆሙበት የሚያዩት የስልኩን ጀርባ ብቻ ነው።

አቶ ወልደአምላክ ቀና ብለው ያን ፊት አዩና ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ያልተጠረገ ይመስል እንደገና ጠረጉ።

«እንደሱ አይዩኝ፣ ጋሼ» አሉ። «አውቃለሁ ምን ሊሉኝ እንደፈለጉ።»

ጋሽ ለገሰ ጣታቸውን እንደቀሰሩ ናቸው።

«እሺ፤ ትምህርቱ አይደለም» አሉ አቶ ወልደአምላክ። «እርስዎን ዋሽቼ የት እገባለሁ። ትምህርቱን አግብታም ትማረዋለች፤ እንዲያውም ልጁ ያግዛታል። እናቷ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። ከሥራ ስገባ የኩሽናው መብራት በርቶ አገኘዋለሁ። እሷ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ‹አባ፣ በላህ?› ትለኛለች። በቃ፣ ይህችን ነው የምፈራው። መብራቱ ጠፍቶ መግባቱን ነው የፈራሁት።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ኩሽናው ጸጥ አለ። ይሄ ረጅም፣ የተከበረ፣ ሁሉም የሚፈራው ሰው የሚናገረው የሩሃማን ሐሳብ ነው። ሬድዮ የሌለበት የጠዋት መኪና ታያት። በአንድ ፍርሃት ከሳቸው ጋር ጎረቤት ሆነች።

ክቡ አሁንም ይሽከረከራል።

«ዝምታዎ ገብቶኛል፣ ጋሼ» አሉ አቶ ወልደአምላክ፤ መነጽራቸውን በእጃቸው ጨብጠው ቀና አሉ። «እርስዎ ይህን ሁሉ ሰምተው እንደዚህ ዝም ካሉኝ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። እንግዲህ እኔም ልጄን…»

ሩሃማ አወቀች። አንድ ቃል ነው የቀረው። «ሰጥቻለሁ» ካሉ ሰጡ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እንደሳቸው ያለ ሰው ቃሉን አይበላም። ነህምያ ይጮሃል፣ እናቷ እልል ትላለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ሩሃማ ማድረግ ያለባት አፏን መዝጋት ብቻ ነው። ማቆሚያ ደግሞ አይናገርም።

ግን ሰውዬው የልባቸውን ለፎቶ እየሰጡ ነው። የማያይ ዓይን የተቆጣቸው መስሏቸው ነው እሺ ሊሉ የሆነው።

ብናገርስ? እፍረት ይዟቸው ቢነሱስ? «በእኔ ላይ ቀለዳችሁ» ብለው በሩን ቢያሳዩንስ? ነህምያ በሕይወቱ ይቅር አይለኝም። ደግሞ ሌላ የከፋ ሐሳብ መጣባት፤ መናገር የምትፈልገው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ወንድሟ እንዲቀርላት? ይህን መለየት አልቻለችም። የቻለችው አንድ ነገር ነው። እሷ በዚያ ወንበር ብትሆን ኖሮ እንዲነግሯት ትፈልግ ነበር።

«ጋሽ ወልደአምላክ» አለች። ድምፅዋ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሽ ለገሰ ፍሪዝ አድርገዋል።»

«ምን አደረጉ?» አሉ ጋሽ ንጉሡ ከኋላ።

«ስልኩ ቆሟል። ኔትወርኩ ሄዷል። የተናገሩትን አልሰሙም። ዝም ያሉት ተቆጥተው አይደለም፤ ስላልሰሙ ነው።»

ጋሽ ንጉሡ ሩሃማን ያዩበት አስተያየት ለብቻው አንድ ገጽ ያስጽፋል። ጋሽ ዓብዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ይጸልዩ ይሆናል። አቶ ወልደአምላክ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ ወደ ሶፋው መጥተው ጎንበስ አሉና ከጋሽ ለገሰ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተያዩ። ክቡን አዩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«‹እስቲ› ካሉ ጀምሮ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ የነገርኩት ለማን ነው?»

ሩሃማ እውነቱን ተናገረች። «ለእኔ። እኔ ሰምቻለሁ።»

አቶ ወልደአምላክ አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ወይም ለሩሃማ ረጅም መሰላት። ከዚያ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነው። ሳቁ ከሆድ መጣና እያደገ ሄደ፤ የሶፋውን መደገፊያ ያዙ። «ከፎቶ ጋር» አሉ፤ «ከፎቶ ጋር ተጣልቼ፣ ተሸንፌ…» አልጨረሱትም። ጋሽ ዓብዩ መቻል አቃታቸው፤ ጋሽ ንጉሡም ፊታቸውን ወደ መጋረጃው አዙረው ሱፋቸው ይንቀጠቀጣል።

ልክ በዚህ መሃል የጋሽ ለገሰ ቅንድብ ወረደ፣ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፃቸው ሳሎኑን ሞላው።

«…ብዬ ነው የምመክርህ፣ ወልዴ። አሁን ይበቃኛል። እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ይህን ያህል ስናገር አንገትህን ደፍተህ ቃል ሳትመልስ ስትሰማኝ እንባዬ ነው የመጣው። እንደዚህ ያለ ጨዋ ሰው… ምንድነው የምትስቁት?»

ሁሉም ወደ ስልኩ ዞሩ። ለካ ጋሽ ለገሰም በእሳቸው በኩል አንገቱን የደፋ የቆመ ምስል ነበር የሚያዩት። እዚያ አልጋቸው ላይ ሆነው ያን ሁሉ ጊዜ ሲመክሩ ነው የቆዩት። ሩሃማ ይህን ስታስረዳቸው ጋሽ ለገሰ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ ለአፍታ ሁሉም እንደገና ፍሪዝ ያደረጉ መሰላቸው።

«አንድም ቃል አልሰማችሁም? ስለ ትዳር ያልኩትን? ስለ በሬው ያልኩትንም?»

«የትኛው በሬ?» አሉ ጋሽ ንጉሡ።

«አይ ጉድ» አሉ ጋሽ ለገሰ። «ጥሩ ነበር እኮ። አሁን አልደግመውም።» ከዚያ ፊታቸው ቁም ነገር ያዘና ወደ ሩሃማ ዞሩ። «ለመሆኑ እሱስ ምን ሲል ቆየ? ምን አመለጠኝ?»

ሁሉም ሩሃማን አዩ። አቶ ወልደአምላክም አዩዋት፤ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፍቷል። አሁን የሰማችውን ቃል ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ልትናገረው ትችላለች፤ መብራቱን፣ ኩሽናውን፣ ፍርሃቱን። ግን የሷ አይደለም። የሰው ነው።

ከበርጩማው ተነሳች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ለአቶ ወልደአምላክ ሰጠቻቸው።

«ጋሽ ለገሰ፣ ራሳቸው ይንገሩዎት» አለች።

አቶ ወልደአምላክ ስልኩን ተቀበሉ። ለአንድ እጅ ስለማይሆን በሁለት እጃቸው ፊታቸው ድረስ ከፍ አድርገው ያዙት። አሁን መነጽራቸውን አላወለቁም፤ አንገታቸውንም አልደፉም።

«ጋሼ፣ ‹ትምህርቷን ትጨርስ› ያልኩት ሰበብ ነው» አሉ። «ባዶ ቤት ፈርቼ ነው። ይከፋኛል። ግን የኔ መከፋት የሷ ዕዳ አይደለም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ጆሮዎ እየሰማ፣ ስልኩም እየሠራ፣ ሰጥቻለሁ።»

ጋሽ ለገሰ ዝም አሉ። ሩሃማ ደንግጣ ወደ ስክሪኑ አንገቷን አሰገገች፤ ክብ የለም። ጋሽ ለገሰ በብርድ ልብሱ ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

«እሁድ እሁድ ምሳ እዚህ ነው ግን» አሉ አቶ ወልደአምላክ። «እነሱም ይመጣሉ፣ ይህችም ልጅ ትመጣለች፤ በዚህ ድርድር የለም።» ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሩ። «በሉ እናንተ ተቀመጡ አሁን፣ የእናንተም ጉልበት ኦፕራሲዮን ሳይፈልግ።»

ዕድላዊት ከኩሽና ወጥታ የአባቷን አንገት ስታቅፍ ስልኩ በመሃላቸው ተጨፈለቀ፤ የጋሽ ለገሰ ድምፅ ብቻ «ጨለመብኝ፣ ምንድነው?» ይላል። ሩሃማ ሳቀችም አለቀሰችም። ደስ አላት፤ ከልቧ ደስ አላት፤ ያ ሌላው ነገር፣ ሬድዮ የሌለበት የጠዋት መኪና፣ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ስልኳን ልትቀበል ብትጠብቅ ማን ሰጥቷት። ሁለቱ ወዳጆች የመጀመሪያውን የመኪና ትምህርት አንስተዋል፤ ጋሽ ለገሰ «ፍሬን አልኩህ፣ አንተ ነዳጅ ረገጥክ» ይላሉ፣ አቶ ወልደአምላክ ይክዳሉ። ዕድላዊት ሩሃማን እጇን ይዛ ወደ ኩሽና ወሰደቻት፤ በራሷ ትንሽ ስልክ ለነህምያ ደወለችና አቀበለቻት።

«አንቺ ንገሪው» አለቻት። «ያስጨረስሽው አንቺ ነሽ።»

ስልኩ አንዴ እንኳ ሳይጠራ ተነሳ። «ዕዱ? ምን አሉ?»

«እኔ ነኝ» አለች ሩሃማ። «ሰጡህ።»

በወዲያኛው በኩል አንድ ነገር ወደቀ፣ ነህምያ ጮኸ፣ ከኋላው የእናቷ እልልታ ቀለጠ። ሩሃማ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስቃ ስቃ ጨረሰች። በኩሽናው በር በኩል ሳሎኑ ይታያል። አቶ ወልደአምላክ ያን ትልቅ ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው ይስቃሉ፤ ጉንጫቸው ግን እርጥብ ነው፣ አልጠረጉትም። «ይከፋኛል» ብለው ነበር፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያም ሰጡ። ሰውዬው አሁን ቀለል ያላቸው ይመስላል።

«ሩሂ፣ አንደኛ ነሽ» አለ ነህምያ እየተንተባተበ። «ሙች አንደኛ ነሽ። በይ ልዝጋው፣ ለአባባ ልደውልለት።»

«ቆይ፣ አትዝጋው» አለች ሩሃማ።

የጓሮውን በር ከፍታ ወጣች፤ ዕድላዊት እንዳትሰማ መልሳ ገጠም አደረገችው።

«ደስ ብሎኛል እሺ? በጣም ደስ ብሎኛል» አለች። «ግን ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ።»